የወለተ ሐና ለቅሶ

«የመሪጌታን ልጅ ለቅሶ ደረስሽ?» አለች ቃሪያ ሻጯ፣ መደቧን ከካፊያው በማዳበሪያ ከረጢት እየሸፈነች።

«የየትኛውን መሪጌታ?» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው።

«የኃይለ ሚካኤልን ነዋ! ያችን አንዲት ልጃቸውን፣ ወለተ ሐናን። ጎንደር ላይ ንዳድ ጨረሳት አሉ። እኔም ይችን መደብ በስሙኒ አራግፌ ልደርስ ነው።»

ወለተ ሐና አንድ እግሯ ወረታ መሬት ላይ፣ ሌላው ገና የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ነበር። ከኋላዋ የሚወርዱት ገፏትና ወረደች። ሴትዮዋን «እኔ ነኝ እኮ» ልትላት አፏን ከፍታ ተወችው፤ ለማያውቃት ሰው አለመሞቷን መንገር አሳፈራት። የሐሰት መርዶ በዚያ ዘመን ብርቅ አልነበረም። ሰው ማታ ከቤቱ ተወስዶ ጠዋት ስሙን የሚጠራ የሚጠፋበት፣ ወታደሩ በነፍስ ሳለ እናቱ ጥቁር የምትለብስበት፣ ሞቷል የተባለው ደግሞ ተዝካሩ ከተበላ በኋላ በር የሚያንኳኳበት ዘመን ነበር። አንዱ ጎንደር ላይ የሌላ ወለተ ሐና መሞት ሰምቶ ለአባቷ አድርሶ ይሆናል ብላ አሰበች። እናቷ ግን! እናቷ ይህን ሰምታ ምን ሆና ይሆን? ቦርሳዋን በብብቷ ይዛ በጭቃው ላይ ሩጫ በሚመስል እርምጃ መራመድ ጀመረች።

የመጣችው ለሌላ ጉዳይ ነበር። ጎንደር ላይ ቀበሌ ሄዳ ፈርማ ካገባችው ከካሴ ጋር ወደ ባሕር ዳር ሊዛወሩ ነው፤ ካሴ የጋራዥ መካኒክ ነው። እሷ በጠዋቱ አውቶቡስ ቀድማ ወላጆቿ ጉልበት ላይ ልትወድቅ፣ እሱ ከሰዓት በኋላ በሚያልፈው ሊከተላት፣ ተሳፋሪው ወረታ ላይ አረፍ እስኪል ምርቃት ተቀብለው በዚያው ሊቀጥሉ ተነጋግረዋል፤ የጠዋቱ አውቶቡስ ግን በዝናቡ ዘግይቶ እኩለ ቀን ካለፈ ነው የደረሰው። ቦርሳዋ ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የእንግሊዝኛ ልቦለድ አለ። ትምህርት ቤት ሳለች መምህሯ የሰጣት ነው፤ ካሴ በየቃሉ እየተደናቀፈ፣ እሷ እየሳቀች እያረመችው፣ አብረው አንብበው ጨርሰውታል። በዚያ መጽሐፍ ሰው ለጋብቻ ሲታሰብ ቀድሞ የሚጠየቀው የዓመት ገቢው ነው። ዘመድ ያኮርፋል፣ በር ይዘጋል፣ ወጣቶቹ በዝናብ ሲመላለሱ ገጹ ያልቃል፤ በመጨረሻ ግን ያኮረፈው ሁሉ ሠርጉ ላይ ይገኛል። ወለተ ሐናም የእኛዎቹም ጥቂት አኩርፈው ይመለሳሉ ብላ አምና ነበር። ስህተቷ ይኸው ነው። የእንግሊዝ ባላባት የናቀውን ሰው ድሃ ነው ብሎ ይንቀዋል፤ ድሃ ደግሞ ነገ ሊያገኝ ይችላል። የእኛ አገር ጨዋ ነኝ ባይ ግን የናቀውን ሰው ሰው አይደለም ይለዋል። ሰው አለመሆን በምን ዓይነት ገቢ ይሻሻላል?

የነሐሴ መጨረሻ ነበር። የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራ ሜዳ ውሃ ሆኗል። ሰማዩና ሜዳው አንድ ዓይነት አመድማ ቀለም ስለያዙ የት ላይ እንደሚገናኙ አይለይም፤ ከብቶቹ እስከ ሆዳቸው ውሃ ውስጥ ቆመው አይነቃነቁም፣ ነጫጮቹ ወፎች ጀርባቸው ላይ እንደቆሙ አይበርሩም። እንቁራሪቶቹ እሷ ስትደርስ ዝም ይላሉ፣ ካለፈች በኋላ ከጀርባዋ ይጀምራሉ። ሰፈራቸው ውስጥ ስትገባም እንዲሁ ሆነ። ልብስ ሰፊው ቆርቆሮው ጥላ ሥር ሲያንቀጫቅጨው የነበረውን መኪና እግሩን አንሥቶ አቆመው። «እንዴት ዋሉ?» አለችው። ሰውየው ከልጅነቷ ጀምሮ የትምህርት ቤት ልብሷን የሰፋላት ነው። ዓይኑን መርፌው ሥር ወዳለው ጨርቅ መለሰ። ካለፈች በኋላ ግን መኪናው አልተጀመረም፤ ይልቁንም በሮች ሲከፈቱ ሰማች። ዞር ብላ ስታይ ከየቤቱ የወጣው ሰው መሀል መንገድ ቆሞ እግሯን ያያል። ፊቷን አይደለም፣ መሬት ይረግጥ እንደሆነ እግሯን።

በአባቷ ግቢ ከባሕር ዛፍ የተሠራ ዳስ ቆሟል። ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገው ከዳሱ ይወጣሉ ይገባሉ። በሩ ላይ የደረሰችባት ጎረቤታቸው ገላነሽ ነበረች፤ እንስራ አዝላ ከውሃ ስትመለስ። ገላነሽ ቆመች። ወለተ ሐና በጥድፊያ ነገሩን ልታስረዳት ሞከረች።

«እትዬ ገላነሽ፣ እኔ ነኝ። ደህና ነኝ። አልሞትኩም፤ ሰው ተሳስቶ ነው።»

«አወቅሁሽ» አለች ገላነሽ ቀስ ብላ። «ማን አመጣሽ?»

«ማንም። በአውቶቡስ መጣሁ። ባሌ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል።»

«ባልሽ?»

«አግብቻለሁ እኮ። ካሴን፣ የደሞዝን ልጅ። ታውቂዋለሽ፣ በቁሐር ሚካኤል መንገድ ማረሻ የሚሠራውን ደሞዝን።»

እንስራው ከገላነሽ ጀርባ ወርዶ ተሰበረ። ውሃው የሁለቱንም እግር አርሶ ፈሰሰ። ገላነሽ ስባሪውን አላየችውም። «የቀጥቃጩን ልጅ» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። «እኔስ ንዳድ እንዲህ በአንድ ጊዜ ይገድላል ወይ ብዬ ነበር።»

ይህች ሴት ያሰበችውን እኔ ልናገረው፤ በዚያ አገር ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ነው። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው በዓይኑ ይበላል ይባላል። የበላውን ሰው ከተቀበረ በኋላ ከመቃብር ያወጣዋል፣ በዱላ ነክቶ ያስነሣዋል፣ ቤቱ ወስዶ ያስፈጨዋል፣ እንግዳ ሲመጣ ዕቃ አስመስሎ ይሸሽገዋል። ይህን የሚያወራው ገበሬ የሚያርሰው ያው ቀጥቃጭ በሠራለት ማረሻ ነው፤ ቄሱም የሚባርከው ያው ቀጥቃጭ በሠራው መስቀል ነው። ማረሻውን ወስዶ ሠሪውን ጅብ የሚል ሕዝብ ባለዕዳ ነኝ ብሎ አያስብም። እንግዲህ ወለተ ሐና በገዛ አፏ ሁለት ነገር ተናገረች፦ ሞተች የተባልኩት እኔ ነኝ፣ የማድረውም ቀጥቃጭ ቤት ነው። ሦስተኛውን ሰው ሁሉ ራሱ ጨመረበት። ገላነሽ እየሮጠች ዳሱ ውስጥ ገባች፤ የሙሾው ድምፅ እንደተቆረጠ ገመድ ቀጥ አለ።

ቤቱ ውስጥ ስትገባ ሴቶቹ ለሁለት ተከፈሉ። አንዷ ልጇን ቀሚሷ ሥር ከተተች። በመደቡ ፊት ለፊት አልጋው ተዘርግቷል፤ በነጭ ጋቢ ላይ በሬሳ ፋንታ አንድ ቀሚስ እጅጌው ደረቱ ላይ ተጣጥፎ፣ ሆዱ በጭድ ሞልቶ ተጋድሟል። ከግርጌው የሷ አሮጌ ጫማ ጥንድ ሆኖ ተቀምጧል። ቀሚሱ ሰማያዊ አበባ ያለበት ነው። ወለተ ሐና ለጊዜው የሰውን ነገር ሁሉ ረስታ ቀሚሱን አየች። ባለፈው ሳምንት አባቷ ሊጠይቋት ጎንደር የመጡ ጊዜ በእጇ አጣጥፋ የሰጠቻቸው ነው፤ «ለእማዬ ይስጡልኝ፣ ናፍቆቷን ትወጣበት» ብላ። ያን ዕለት ማግባቷን ነግራቸው ነበር። የማን ልጅ ነው አሉ፤ የደሞዝ አለች። ደሞዝ የማን? ሰባት ቤት ሊቆጥሩ ጣታቸውን አጥፈው ነበር፤ ሁለተኛው ጣት ላይ ቆሙ። ያቀረበችላቸውን ውሃ ሳይቀምሱ ቀሚሱን ይዘው ወጡ። መርዶው ከስህተት አልመጣም። መርዶው ከዚያ በር ነው የወጣው።

እናቷ እናኑ ራሷን ተላጭታ፣ ፊቷን ነጭታ፣ ከአልጋው ሥር ተቀምጣለች። ልጇን አየቻት። አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። ቀስ ብላ ተነሥታ መጣችና ማጅራቷን፣ ከጆሮዋ ኋላ ያለውን፣ አሸተተች። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ሽታዋ የሷው ነው» አለች።

«እማዬ፣ አልሞትኩም።»

«እሺ፣ ሐንዬ።»

«እውነቴን ነው። ያገባሁት ሰው...»

«እሺ የኔ እናት። እሺ» አለች እናኑ፣ ትኩሳት የያዘው ሕፃን እንደምታባብል። ያ «እሺ» ወለተ ሐናን ከሰው ሁሉ ዝምታ ይልቅ አስፈራት። ማስተባበል ቢሆን ትከራከረው ነበር። እሺን ምን ይሉታል?

«የተነሣ ሬሳ አይናገርም ይባል አልነበረም እንዴ?» አለች አንዲት አሮጊት ከጥግ።

«የተማረ ነው አሉ ሰውየው» ስትል ሌላዋ መለሰችላት። «ጎንደር ሞተር ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። መኪና የሚያስነሣ ሰው ታዲያ እሷን ማናገር ይቸግረዋል?»

የሳቀ ሰው የለም። ከዳሱ በኩል ወንዶቹ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ሲጠያየቁ ተሰማ። አንዱ ዱላውን ከግድግዳው አነሣ፤ ሌላውም ተከተለ። ያን ጊዜ ወለተ ሐና የመጣችበት ጉዳይ ከእጇ ወድቆ ሌላ ጉዳይ እንደተተካ ገባት። ምርቃቱ ቀርቷል። አውቶቡሱ ሳይደርስ አንድ ሰው እውነቱን ካልተናገረ ካሴን መንገድ ላይ ይገድሉታል።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ጓድ ማረው ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ማረው ከወንዶቹ መሀል ሰፋ ያለውን ወንበር ይዞ ተቀምጧል። ባለ እጅን ቡዳ ብሎ የሰደበ በአብዮቱ ላይ እንደተነሣ ይቆጠራል ብሎ በድምፅ ማጉያ የለፈፈው እሱ ነው፤ ጽሑፉም በቀይ ቀለም ቀበሌው ግድግዳ ላይ አለ። ወለተ ሐና ስትቀርበው ወንበሩን በአንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሳበ።

«ጓድ ማረው፣ አንተ እንኳ ንገራቸው!»

«እኔ በግሌ በእንዲህ ዓይነት ኋላ ቀር አስተሳሰብ አላምንም» አለ፣ እሷን ሳይሆን የበሩን መቃን እያየ። «ነገር ግን ሞትሽን ቀበሌው አውቆታል። ዕድሩም እህል አውጥቷል። ሰፊው ሕዝብ ጥርጣሬ ካደረበት ሕዝቡ ራሱ ነው የሚወስነው።»

ሰፊው ሕዝብ! ስንት ፈሪ ከዚህ ቃል ጀርባ ተደብቆ ኖሯል። ግድግዳ ላይ የጻፈውን በአፉ ለመድገም ድፍረት ያጣ ሰው ያን ቀይ ቀለም ለምን አባከነው? ወለተ ሐና ዞራ ወደ ጓዳው ገባች። መንገዱን ሁሉም ለቀቁላት። ማንም ሊነካት አልፈለገም።

መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ጓዳው ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ዳዊት ይደግማሉ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ግድግዳው ከክረምቱ ውሃ ጠጥቶ እስከ ወገቡ ጠቁሯል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለውም። በሩን ዘግታ ቆመች።

«አባባ፣ ያን ቀሚስ በእጄ ነው የሰጠሁዎት።»

«ለምን መጣሽ?» አሉ፣ ከዳዊቱ ቀና ሳይሉ።

«አውቶቡሱ ሊደርስ ነው። ካሴ ይመጣበታል። ሰዎቹ ዱላ ይዘዋል። ወጥተው አልሞተችም ይበሉ፣ አንዲት ቃል ናት። ከዚያ በኋላ ልጄ አይደለሽም ቢሉኝም እሄዳለሁ፣ አልመለስም።»

ከውጭ የወንዶቹ እግር ጭቃውን ሲረግጠው ይሰማል።

«ሞታለች ስላቸው አለቀሱልሽ» አሉ በመጨረሻ። «የሰዉን ብዛት አየሽ? ካህናቱ ፍትሐት አደረሱልሽ። እናትሽ ጣራ ገዳም ድረስ ጧፍ ልካለች። እውነቱን ብነግራቸው ማን ያለቅስልሽ ነበር?»

«በቁሜ አልቅሱልኝ ያለ ማን ነው?»

«እናትሽ ከኀዘኑ ትድናለች። ከውርደቱ ግን አትድንም።»

«ውርደቱ የእናቴ ነው ወይስ የእርስዎ?»

መሪጌታ ገጹን ገለጡት። እኒህ ሰው መጽሐፍን ከነትርጓሜው የሚያውቁ ናቸው። አልዓዛርን ማን እንዳስነሣው፣ ሙት ማስነሣት የማን ሥልጣን እንደሆነ፣ ከዚያ ግቢ ውስጥ ከእሳቸው አብልጦ የሚያውቅ የለም። ያ ሁሉ ሰው በር ላይ ቆሞ ቀጥቃጭ ሙት ያስነሣል ሲል ክህደት መሆኑን ያውቃሉ። ግን ክህደቱን ተዉት፤ አጥንታቸውን ጠበቀላቸውና። መሃይም ቢሆኑ ይቅር እላቸው ነበር። ወለተ ሐና መጀመሪያ እጃቸውን፣ ቀጥሎም በዳዊቱ ገጽ ላይ ያረፈውን ጣታቸውን አየች። ያ ጣት ሊነሣ ይችል ይሆናል ብላ ጠበቀች። የአውቶቡሱ ጡሩምባ ከሩቅ ተሰማ። ጣቱ መስመሩን ተከትሎ ወደ ቀጣዩ ቃል ሄደ።

ስትወጣ ቤቱ ባዶ ነበር። ወንዶቹ ወደ አስፋልቱ ሄደዋል፤ ሴቶቹም ተከትለዋቸዋል። አልጋው ሥር እናቷ ብቻ ቀርታለች። እናኑ ቆማ ከቀሚሱ ውስጥ ጭዱን እያወጣች መሬት ላይ ትጥላለች። ጨርሳ አጣጥፋ በብብቷ ያዘችውና በሌላ እጇ የልጇን እጅ ጨበጠች። እጇ ሞቃት ነበር፤ የወለተ ሐና ግን በረዶ ሆኗል። እናኑ ቅዝቃዜውን ሲሰማት አንድ ጊዜ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች፤ እጁን ግን አልለቀቀችም።

«ነይ» አለች። «ብትሞችም ልጄ ነሽ።»

አውቶቡሱ ቆሞ ተሳፋሪው ይወርዳል። ሰዉ በግማሽ ክብ ከቦታል፤ ዱላ የያዙት ከፊት፣ ማረው ከኋላ። ካሴ ሲወርድ በአንድ እጁ ትንሽ ሻንጣ፣ በሌላው አዲስ ጥቁር ጃንጥላ ይዟል፤ ለአማቱ ለመሪጌታ የገዛው ነው። ሰዉን አየና ለሠርግ እንደተቀበሉት ሰው ፈገግ ሊል ሞከረ። ከዚያ ዱላዎቹን አየ። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። አንዱ ወጣት አንድ እርምጃ ቀረበ። ያን ጊዜ እናኑ ልጇን እየጎተተች ሰዉን ሰንጥቃ ገባች።

«አንተ ነህ የደሞዝ ልጅ?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ይችን ያስነሣሃት አንተ ነህ?»

ካሴ ልጅ ሳለ ሲያልፍ ልጆች ምሳቸውን በእጃቸው ይሸፍኑ ነበር። ትምህርት ቤት አግዳሚ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ ቡዳ ለምትለው ስድብ ተደባድቦ የፊት ጥርሱን አጥቷል። አይደለሁም ማለት ሥራው ሆኖ ነው ለአቅመ አዳም የደረሰው። አሁንም አፉን ለዚያው ቃል ሲከፍት ሚስቱን አየ። ወለተ ሐና ከእናቷ ትከሻ በላይ ዱላዎቹን አየች፤ አባቷ የመጡ እንደሆነ መንገዱን አየች። መንገዱ ላይ ካፊያው ብቻ ነበር። ከዚያ ለካሴ ራሷን ከፍ ዝቅ አደረገችለት።

«አዎ» አለ ካሴ። «እኔ ነኝ።»

ዱላዎቹ ወረዱ። ሙት አስነሣለሁ ብሎ በቀን ብርሃን የሚናገርን ሰው የሚመታ ጀግና ወረታ ውስጥ አልተገኘም። ግማሽ ክቡ ወደ ኋላ ሰፋ፤ ማረው ከሁሉ ቀድሞ ሲያፈገፍግ ቦዩ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባ። እናኑ በጭቃው ላይ ተንበርክካ የካሴን ጉልበት ሳመች።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ» አለች። «እኛ የቻልነው ማልቀስ ብቻ ነው።» ከዚያ ቀና ብላ፣ አደራ እንደሚሰጥ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው። «ትበላለች?»

«ትበላለች፣ እናቴ።»

«ፍትፍት ስጣት፣ ከልጅነቷ ትወዳለች። ሥራ አታብዛባት። በዱላ እንዳትነካት፤ የምትነካት ከሆነ በእጅህ ንካት። እንግዳ ሲመጣም አትሸሽጋት።»

ካሴ ጃንጥላውን ዘርግቶ ሰጣት። እናኑ ተቀብላ፣ ቀሚሱን ለልጇ አስታቀፈቻት። «ያንቺው ነው» አለች። «አልቅሼበት ረጥቧል። ፀሐይ ስታገኚ አስጪው።»

አውቶቡሱ ተነሣ። ሦስት ሰው የሚያስቀምጠው ወንበር ለሁለቱ ብቻ ተለቀቀላቸው፤ የፊቱም የኋላውም ባዶ ሆነ። በመስኮቱ እናኑ ከጥቁሩ ጃንጥላ ሥር ቆማ ታየች፣ ከጀርባዋ ውሃው ሜዳ፣ ውሃው ውስጥ የማይነቃነቁት ከብቶች። ካሴ ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«ዕድሜ ልኬን አይደለሁም ያልኩትን» አለ በኋላ፣ «አዎ አልኩት።»

ወለተ ሐና የእናቷን «እሺ» ነበር የምትሰማው። መዳፏን አፏ ፊት አድርጋ ተነፈሰች። ሙቅ ነው። ጥቂት ቆይታ፣ ተሳስቼ እንደሆነ ብላ፣ እንደገና ተነፈሰች። ሐሙሲት ከተማ እስኪደርሱ እንዲሁ አደረገች።